ከጽሕፈት ጠረጴዛ እስከ ካሜራ ፊት፦ የቴሌቪዥን ረዳት ሠራተኛ መንገድና ያልተሻገረው ፋይል

(በቀራንዮ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግሮቹን ከግቢ አውጥቶ ወደ ነዋሪው ለማምጣት ሲወስን፣ የዛሬውን ርእስ እዚህ ላቅርብ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የምነግራችሁ ታሪክ ባለቤት የዚህ ሰፈር ልጅ ናት። በማታው ክፍለ ጊዜ ተማሪዬ ነበረች። ቀን በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጸሐፊ ሆና ትሠራለች፤ ማታ ትማራለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ጣቢያ ካሜራ ፊት ተቀምጣ አየኋት። ስሟንና የሠራችበትን ጣቢያ አልጠቅስም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች።

የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። በአንድ ጣቢያ ቢሮ ደብዳቤ የምትጽፍ፣ ስልክ የምታነሣ፣ እንግዳ የምትቀበል ረዳት እንዴት ሆና ነው ወደ አየር የምትወጣው? ብዙዎቻችን መልሱ «ዕድል» ወይም «መልክ» ይመስለናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መንገዱን የጠረገላት የቢሮው ሥራ ራሱ ነው፤ ቢሮው ማንም ትምህርት ቤት ብሎ ያልጠራው ትምህርት ቤት ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሠራተኛዋ ከጠረጴዛው ወደ ስቱዲዮው ስትሻገር ፋይሏ አብሯት አይሻገርም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ መሻገርና ስላልተሻገረው ፋይል ነው።

ሦስቱ በሮች

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በሙያው ተምሮ የሚጠብቅ የአቅራቢዎች ትውልድ አልነበረም። ስለዚህ ሰው የተፈለገው ከጎረቤት ሙያዎች ነበር።

የመጀመሪያው በር መድረክ ነው። ሁላችንም አባባ ተስፋዬ እያልን ያደግንባቸው ተስፋዬ ሣህሉ ለዚህ የተሻለው ምሳሌ ናቸው። በአገር ፍቅር ቴአትርና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ተጫውተዋል፤ ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተውነዋል፤ የኮሪያ ዘማቾችን ለማዝናናትም እስከዚያው ድረስ ሄደዋል። ቴሌቪዥን ሲከፈት የልጆችን ጊዜ ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ቆዩበት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ሕዝብ የሦስት ትውልድ ሕዝብ ነበር። ካሜራ ፊት ሲቀመጡ አዲስ ጥበብ መማር አላስፈለጋቸውም። ከፊታቸው ለተቀመጠ ልጅ ያለ ወረቀት ተረት መተረክን ከመድረክ ይዘው መጥተው ነበርና።

ሁለተኛው በር ሬዲዮ ነው። በሬዲዮ ታሪካችን ከፋና ወጊ ሴቶች ጋዜጠኞች ፊት ቀድመው የሚጠሩት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሣሁን በድምፃቸው የታወቁት ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱም የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ ከመድረክ ወደ ማይክ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ አሳይቷል።

ሦስተኛው በር ቢሮው ነው። ይህ በር ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። አንድ የመንግሥት ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን የሥራ መደቦቹ የተለዩ፣ የአየር ሰዓቱም የተመጠነ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ደረጃ በደረጃ ነው። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 ለግል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕጋዊ መንገድ ከፈተ፤ አዋጅ ቁጥር 533/1999 ተካው፤ በመጨረሻም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ወጣ። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም. በሳተላይት መጣ፤ ቃና በ2008 ዓ.ም. ተከተለ፤ በእነዚያው ዓመታት ሌሎች በርካታ ጣቢያዎችም ተከፈቱ። የአየር ሰዓቱ በዛ፤ የሠራተኛው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በትንሽ ጣቢያ አንድ ሰው ሦስት ሥራ ይሠራል። ጸሐፊዋ እንግዳ ትጋብዛለች፤ እንግዳ የጋበዘችው ጥያቄ ታዘጋጃለች፤ ጥያቄ ያዘጋጀችው አንድ ቀን ራሷ ትጠይቃለች።

ቢሮው የሚያስተምረው

ተማሪዬ ጣቢያው ውስጥ በጸሐፊነት መቀጠሯን ስትነግረኝ፣ እኔ የሰጠኋትን ምክር ዛሬ በእናንተ ፊት ልናዘዝ። «ለጊዜው ያዢው፤ ግን ጊዜሽን እንዳያባክንብሽ» አልኋት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስመለከት ተሳስቼ እንደነበር ገባኝ። አራት ነገሮች ከዚያ ጠረጴዛ ተምራለች።

አንደኛው ሰውን መለየት ነው። የቴሌቪዥን ጸሐፊ እንግዳውን ከሁሉ አስቀድማ የምታውቅ ሰው ናት። ማን «ፕሮፌሰር» ካልተባለ እንደሚቀየም፣ ማን በስልክ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ቃል እንደሚጠፋው፣ የትኛው አባት በቅድሚያ ስለ ጤናቸው ሊጠየቁ እንደሚገባ ታውቃለች። አቅራቢው ይህን የሚያገኘው ከእሷ ማስታወሻ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የሥርጭት መርሐ ግብር የምትተይብ ሰው ሦስት ደቂቃ ምን ያህል ርዝመት እንዳለው በጣቷ ታውቀዋለች። አንድ ገጽ ጽሑፍ ሲነበብ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማስታወቂያው ሲገባ ከየትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚቆረጥ ሳታስበው ትለምደዋለች። እኔ በክፍል ውስጥ ይህን ለማስተማር ብዙ ሳምንታት ይፈጅብኛል።

ሦስተኛው ጽሑፍ ነው። አቅራቢው የሚያነበውን ስክሪፕት ደጋግማ የተየበች ሰው የትኛው ዓረፍተ ነገር ምላስ እንደሚያደናቅፍ ታያለች። አንባቢው አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሲሰናከል፣ ያን ቦታ ለሁለት ሰብራ መጻፍ ትጀምራለች። ይህ የኤዲተር ሥራ ነው፤ ማንም ግን ኤዲተር ብሎ አይጠራትም።

አራተኛው ድምፅ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ስልክ የምታነሣ ሰው ለማታየው ሰው በድምፅ ብቻ መታመንን ትለማመዳለች። ተማሪዬ እንደነገረችኝ፣ ስቱዲዮ የሚመጡ እንግዶች በር ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የደወለችልኝ ልጅ የታለች?» ብለው ነበር።

ቢሮው የሚጎዳበትም አለ። የቢሮ ቋንቋችን ሰው የሌለበት ቋንቋ ነው። «ጉዳዩ» ብሎ ይጀምራል፤ «ይመለከታል» ይላል፤ «ከላይ በተገለጸው መሠረት» ብሎ ይቀጥላል። ማን እንደወሰነ፣ ማን እንደከለከለ አይታወቅም። የቴሌቪዥን ቋንቋ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ተማሪዬ በመጀመሪያ ሳምንቷ በቀጥታ ሥርጭት ላይ «ከላይ በተገለጸው መሠረት ወደሚቀጥለው እንግዳችን እንሄዳለን» ማለቷን እየሳቀች አጫውታኛለች። ከላይ የተገለጸ ነገር አልነበረም። ያን ልማድ ለማስወገድ ማታ ማታ የዕለቱን ስክሪፕት ለእናቷ በቃሏ ትነግራቸው ነበር፤ እናቷ «ማን ነው ያለው?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን ታስተካክላለች። ይህን ልምምድ ዛሬ ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አድርጌ እሰጣለሁ።

ወደ ካሜራው የሚያደርሱ ደረጃዎች

ከጠረጴዛው ወደ ካሜራው የሚደረገው ጉዞ በአንድ ዝላይ የሚያልቅ አይደለም፤ ደረጃዎች አሉት።

የመጀመሪያው ደረጃ ወንበር ማሞቅ ነው። አቅራቢው ሳይደርስ መብራትና ካሜራ ማስተካከል ስለሚያስፈልግ አንድ ሰው በወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በአቅራቢያ የሚገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ረዳቷ ናት። ሥርጭት የለም፤ ግን መብራቱ ዓይንን እንዴት እንደሚወጋ፣ በልብስ ላይ የተሰካው ማይክ ትንፋሽን ሳይቀር እንደሚይዝ፣ በጆሮ ማዳመጫው የዳይሬክተሩን ድምፅ እየሰሙ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ ትማራለች።

ሁለተኛው ደረጃ ፊት የሌለው ድምፅ ነው። ለአጭር ዘገባ ትረካ የሚያነብ ሲጠፋ «እስቲ አንቺ አንብቢው» ትባላለች። ሦስተኛው ደረጃ የተመልካቾችን የስልክ መልእክት ከስቱዲዮው ጥግ ሆኖ ማንበብ ነው፤ ፊቷ ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል። አራተኛው ደረጃ ሰው የጎደለበት ቀን ነው።

የተማሪዬ አራተኛ ደረጃ እንዲህ ነበር። ዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ስለ ድሮ የሽመና ሥራ እንዲናገሩ ተጋብዘው ነበር። ካሜራው ሲከፈት ቃል ጠፋቸው። አቅራቢው ይጠይቃል፤ እርሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያም ከካሜራው ኋላ ወደቆመችው ረዳት ዞር ብለው፣ በስልክ ለጀመሩላት ወሬ የቀረውን ለእሷ ይነግሯት ጀመር። እንግዳዋ ወደ ጎን እያዩ የሚናገሩበት ምስል ለሥርጭት አይሆንም። ዳይሬክተሩ በማስታወቂያ ሰዓት ተጨማሪ ወንበር አስገብቶ «ከአጠገባቸው ተቀመጪ» አላት። እንግዳዋ ከዚያ በኋላ ዝም የሚያሰኛቸው ጠፋ። በማግስቱ ተመልካቾች ስለ ሴትዮዋም ስለ «ልጅቷም» ጠየቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቆይቶም በየማለዳው መቅረብ ጀመረች።

በዚህ ውስጥ ዕድል የለም አልልም፤ አቅራቢው ያን ቀን ቢሳካለት ኖሮ ወንበሩ ባልገባም ነበር። ነገር ግን እንግዳዋ የዞሩት ወደ እሷ የሆነው ቀድማ ስለደወለችላቸው ነው። በሩን የከፈተው ያ የስልክ ጥሪ ነው፤ የስልክ ጥሪው ደግሞ የጸሐፊ ሥራ ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ አስቴር ራንትዘን ቢቢሲ የገባችው በሬዲዮ ድራማ የድምፅ ማጀቢያ ክፍል ነው፤ ቀጥሎም በቢሮ ጸሐፊነትና በአጥኚነት ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1968 ከአጥኚነት ሥራዋ ወደ ካሜራው ፊት ወጣች፤ በ1973 የተጀመረውን «ዛትስ ላይፍ» የተባለ ፕሮግራም እስከ 1994 መራች። የተመልካችን አቤቱታ ተከታትሎ መልስ የሚያስገኝ ፕሮግራም ነበር። ደብዳቤ ማንበብና መረጃ ማጣራት የለመደች ሰው ለዚያ ፕሮግራም መመረጧ አያስደንቅም።

ለዛሬው ነገራችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአሜሪካዊቷ የባርባራ ዋልተርስ ታሪክ ነው። ኮሌጅ እንደጨረሰች በአንድ አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት ጸሐፊ ሆነች። ቀጥላ በአንድ የኒው ዮርክ ጣቢያ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጽሑፍ ታዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የኤንቢሲ የማለዳ ፕሮግራም በሆነው «ቱዴይ» በጸሐፊነትና በአጥኚነት ተቀጠረች። በዚያ ፕሮግራም ላይ የሚታዩት ሴቶች በአመዛኙ ተዋናዮች ሲሆኑ፣ መደባቸው «የቱዴይ ልጃገረድ» ይባል ነበር። ዋልተርስ ቀላል የተባሉትን ዘገባዎች እየሠራች ወደ ካሜራው ቀረበች፤ በ1964 ከመደበኛዎቹ አንዷ ሆነች። የአቅራቢነት ማዕረግ ግን ወዲያው አልተከተለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አብሯት ይሠራ የነበረው ዋና አቅራቢ ፍራንክ ማጊ ከታላላቅ እንግዶች ጋር በሚደረግ ውይይት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች እኔ ልጠይቅ ብሎ አስወሰነ፤ እሷ ከአራተኛው ትጀምር ነበር።

ማጊ በ1974 ሲሞት ዋልተርስ በይፋ ተባባሪ አቅራቢ ተባለች። ይህ በባለሥልጣናቱ ቸርነት አልመጣም። ማጊ ከፕሮግራሙ ቢለይ እሷ ተባባሪ አቅራቢ እንድትሆን የሚል ቃል ወኪሏ አስቀድሞ በውሏ አስገብቶ ነበር። በ1976 ወደ ኤቢሲ ተዛውራ የአገር አቀፍ የምሽት ዜናን በተባባሪነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ ደመወዟ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ችሎታዋ በ1964ም በ1974ም ያው ነበር። በመካከል የቆሙት አሥር ዓመታት የፋይል ዓመታት ናቸው። ያበቃቸውም በውል ላይ የተጻፈ አንድ ሐሳብ ነው።

ያልተሻገረው ፋይል

አሁን ወደ ቀራንዮ እንመለስ። ተማሪዬ በማለዳው ፕሮግራም ሁለት ዓመት ያህል ቀረበች። ሰፈሩ ያውቃታል፤ ታክሲ ውስጥ ልጆች በጣታቸው ይጠቁሟታል። በሰው ኃይል ክፍል ያለው ፋይሏ ግን «ጸሐፊ» ይላል። የማለዳው ሥርጭት ካበቃ በኋላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ደብዳቤ ትጽፍ ነበር።

የመደብ ስም ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ምን ያህል ሥጋ ያለው ነገር እንደሆነ የተረዳሁት ስለ ሰርቪስ መኪናው ስትነግረኝ ነው። የማለዳ አቅራቢ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስቱዲዮ መገኘት አለበት። የሰርቪስ መኪናው የሚዞረው በዝርዝሩ ላይ «አቅራቢ» እና «ቴክኒክ» ተብለው ለተመዘገቡት ብቻ ነበር። እሷ ጸሐፊ ናት። በዚያ ሰዓት ከዚህ ተነሥቶ ጦር ኃይሎች የሚያደርስ ታክሲ ማግኘት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። አባቷ ባትሪ ይዘው እስከ አስፋልቱ ይሸኟታል፤ ከዚያ በኮንትራት ታክሲ ትሄዳለች፤ ሒሳቡም ከጸሐፊነት ደመወዟ ላይ ይከፈላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መላው ተመልካች «እንደምን አደራችሁ» ስትል ያያታል።

ከዚያ በኋላ ጣቢያው መዋቅሩን አሻሽሎ ሠራተኛ ደለደለ። ድልድሉ የተሠራው በፋይል ነው። ማለዳው ለሌላ ተሰጠ፤ እሷ በጽሕፈት መደቧ ቆየች። ሌላ ጣቢያ የአቅራቢ ማስታወቂያ ሲያወጣ አመለከተች። ማስታወቂያው በሙያው ሁለት ዓመት የሠራ ይላል። ከጣቢያዋ ያገኘችው የሥራ ልምድ ማስረጃ «በጸሐፊነት አገልግላለች» ይላል። ለፈተና እንኳ አልተጠራችም።

ወደ ቢሮዬ መጥታ «ዶክተር፣ እርስዎ አይተውኛል፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ወረቀት አወጣሁ፤ ብዕሬንም አነሣሁ። ነገር ግን ምን ብዬ ልጻፍ? «በቴሌቪዥን አይቻታለሁ» የሚል የመምህር ደብዳቤ የአሠሪን ማስረጃ አይተካም። በዚያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ ነው። እንዴት እንደሚቀረብ አስተምሬያት ነበር፤ የቀረበችውን እንዴት በወረቀት እንደምታስመሰክር ግን አንድም ቀን አላስተማርኋትም።

ሕጉ ምን ይላል?

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን የሕግ ባልደረቦቼን ጠይቄ ያነበብሁትን ላካፍላችሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነት፣ የሥራውን ቦታና የደመወዙን መጠን እንዲገልጽ ያዛል። ይኸው አዋጅ አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ የሚጠበቀው ሠራተኛው ይሠራ የነበረው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሕጉ የሚጠይቀው የተሠራውን ሥራ ነው፤ የመደቡ መጠሪያ ብቻ በቂ አይደለም።

ሰዓቱም ሕግ አለው። በአዋጁ መሠረት ከመደበኛው ሰዓት በላይ የተሠራ ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ እስከ ቢሮ መውጫ የምትቆይ ሠራተኛ ይህን ማወቅ ይገባታል።

ምስልን በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። በሌላ በኩል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ተቀጣሪ በሥራው ያመነጨው ሥራ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው እንደሚሆን ይደነግጋል። የጻፈችው ስክሪፕት በዚህ መሠረት የጣቢያው ሊሆን ይችላል፤ ፊቷ ግን የራሷ ነው። ፈቃዷ በምን ሁኔታ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠ በጽሑፍ መስፈሩ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ተማሪዬ ይህን ይዛ ወደ ጣቢያዋ ተመለሰች። የሰው ኃይል ክፍሉ «ማስረጃ አምጪ» አላት። ያኔ ከቦርሳዋ ያወጣችው ነገር ለዛሬው ንግግሬ ዋና ምስክር ነው። በጸሐፊነት ልማዷ የእያንዳንዱን ሥርጭት ቀን፣ የእንግዳውን ስምና ማዕረግ፣ የግብዣ ደብዳቤውን የወጪ ቁጥር፣ ማን እንደቀረበበት ጭምር በደብተር መዝግባ ነበር። ቁጥሮቹ ከመዝገብ ቤቱ ጋር ተነጻጸሩ፤ ገጠሙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ደብዳቤ ተሰጣት። ከቀድሞው የሚለየው አንድ መስመር በመጨመሩ ብቻ ነው፦ «በተጨማሪም በማለዳ ፕሮግራም አቅራቢነት ሠርታለች» ይላል፤ ከነቀኑ።

ለዋልተርስ በውሏ ላይ አንድ ሐሳብ በቃ፤ ለእሷ በደብዳቤ ላይ አንድ መስመር። ወደ ካሜራው ያደረሳት ጠረጴዛው ነበር፤ ከካሜራው የተመለሰችበትን ዘመን ያዳነላትም ያው የጠረጴዛው ልማድ ነው።

ሦስት ምክሮች

ለተማሪዎች፦ ቢሮን አትናቁ። ግን የምትሠሩትን ሁሉ በቀንና በቁጥር መዝግቡ። «እስቲ አንብቢው» በተባላችሁ ማግስት «ትናንት በተሰጠኝ ትእዛዝ መሠረት አንብቤያለሁ» የምትል አጭር ማስታወሻ ለኃላፊያችሁ ላኩ። ሲደጋገም ደግሞ የመደብ ለውጥ ወይም የውክልና ደብዳቤ ጠይቁ።

ለጣቢያ ኃላፊዎች፦ ሠራተኛ አየር ላይ ሲወጣ ፋይሉም በዚያው ወር ይውጣ። ማበረታቻው ከገንዘብ በፊት የሥራውን ስም መስጠት ነው። በሰርቪስ ዝርዝር ላይ አንድ ስም መጨመር ጣቢያውን አያከስርም፤ በጨለማ አስፋልት ላይ የምትቆም ልጅ ግን ሊያስጠይቀው ይችላል።

ለእኛ ለመምህራን፦ ሥርዓተ ትምህርታችን መድረክንና ማይክን ያውቃል፤ ቢሮን አያውቅም። የተግባር ልምምድ ስንልክ ተማሪው ስቱዲዮ ካልገባ ጊዜው የባከነ ይመስለናል። አንድ ወር በጣቢያ ጽሕፈት ጠረጴዛ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ውልና ማስረጃ ማንበብን በአንድ የትምህርት ክፍል ማስተማር ይቻለናል። እኔ በበኩሌ ጀምሬዋለሁ።



ከተሰብሳቢው ከቀረቡ ጥያቄዎች አንዱ

አንዲት እናት፦ «ዶክተር፣ ልጄ በአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የጽሕፈት ሥራ አግኝታለች። አንባቢ ልሆን ነው ብላ ስትጠብቅ ነበር፤ ቅር ብሏታል። ትግባ ወይስ ትተወው?»

መልስ፦ እትዬ፣ ትግባ። የዛሬ ስምንት ዓመት ቢጠይቁኝ «ለጊዜው ትያዘው» እልዎት ነበር። ዛሬ ግን «ደብተር ይዛ ትግባ» ነው የምልዎ። በመጀመሪያው ቀን ውሏን አንብባ፣ ያልገባትን ጠይቃ ትፈርም። አየር ላይ የወጣች ዕለት ደግሞ ያን ውል እንደገና አውጥታ ታንብበው።